ጋጋሪዋ መቼ ትብላ?

(ከዚህ በታች የምታነቡት አዲስ አበባ የምንኖር የአምበርና የአካባቢዋ ተወላጆች በተሰባሰብንበት ዕለት ያሰማሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣው ዓምድ እንዲመች ጥቂት አሳጠርኩት እንጂ ሐሳቡን አልነካሁትም።)



አዘጋጆቹ «ስለ ሴቶች አንድ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትጠብቁ ገብቶኛል። በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን ቲሸርት መልበስ፣ አዳራሽ መሙላት፣ መፈክር ማሰማት፣ ለስላሳ ጠጥቶ መበተን ለምዶብናል። በማግስቱ ምጣዱም፣ እንስራውም፣ ዱላውም እዚያው ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከመፈክር ዝቅ ያለ ነገር ነው። የማወራው ስለ ገበታ ነው። ስለ ሆድና ስለ ወገብ! ሴት ልጅ ስንት ኪሎ ስትሆን ነው ቆንጆ የምትባለው? ይህንንስ የወሰነው ማነው? ወሳኙ ሲወስን እሷ በልታ ነበር ወይስ አልበላችም?

«በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ውፍረትና ስለ ቅጥነት ይወራል እንዴ? ጠግበሻል!» የምትሉኝ አትጠፉም። ይወራል! እንዲያውም ሊወራ የሚገባው አሁን ነው። ጤፍ ሲወደድ፣ ዘይት ሲጠፋ፣ ቤት ውስጥ ሲጎድል የማን ድርሻ ቀድሞ እንደሚጎድል ሁላችንም እናውቃለንና።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ዓለም

እስቲ በአንድ ቁጥር ልጀምር። ቁጥሯ 18.5 ናት። የጤና ባለሙያዎች የሰውን ክብደት በኪሎ ይመዝናሉ። ቁመቱን በሜትር ይለኩና በራሱ ያባዙታል። ከዚያ ክብደቱን ለዚህ ያካፍሉታል። የሚገኘው ውጤት ከ18.5 ካነሰ ያ ሰው ከልክ በላይ ከስቷል ይባላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 47 ኪሎ የምትመዝን ከሆነ ከዚህ መስመር በታች ናት ማለት ነው።

እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሕግ አወጣች። ከ18.5 በታች የሆነች ሞዴል በማስታወቂያ ላይ እንዳትሠራ ከለከለች። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሞዴሎች የሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርቡ፣ አካላቸው በኮምፒዩተር እንዲቀጥን ወይም እንዲወፍር የተደረገበት የማስታወቂያ ፎቶግራፍም እንደተነካካ እንዲጻፍበት አዘዘች። ምን አስጨነቃቸው? እ.ኤ.አ. በ2006 አና ካሮሊና ሬስቶን የምትባል የ21 ዓመት ብራዚላዊት ሞዴል ሞተች። ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ70 በላይ ነበር፤ ክብደቷ ግን 40 ኪሎ ያህል ብቻ። ምግብ አጥታ አይደለም። «ቅጠኚ» ተብላ፣ ራሷን ከምግብ ከልክላ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶቻችን ውስጥ 22 ከመቶው ከዚያችው ከ18.5 መስመር በታች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 30 ከመቶ ነበርና ቀንሷል፤ እሰየው ነው። ቢሆንም ከአምስት ሴቶች አንዷ! እስራኤል ውስጥ «ይህቺ ሴት ታማለች፣ ሰሌዳ ላይ አትውጣ» የምትባልበትን አካል የያዘች ሴት፣ እኛ አገር ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። «ኧረ ይህቺ ሴት ከስታለች፣ ትረፍ» የሚል ሕግ አላየንም።

ልዩነቱ ምንድን ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ እዚያ ማዶ ሴቲቱ የከሳችው እንድታምር ተብሎ ነው። እዚህ የከሳችው ደግሞ መጨረሻ ስለምትበላ ነው። ሁለቱም ጋ ግን ገበታው ላይ የምታዝበት እሷ አይደለችም!

እህል ባለበት አገር

አምበርን ለማታውቋት እንግዶች ልንገራችሁ። የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ያገኛታል። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍና የስንዴ አገር ነው። አዲስ አበባ የምንበላው እንጀራ ውስጥ የጎጃም ጤፍ አለበት።

ታዲያ ጉድ የሚያሰኘው ይህ ነው። ያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ሳያገኙ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ያኔ ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር! እህል አምራች ክልል፣ የቀነጨረ ልጅ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ድህነት አለ፤ የመሬት ጥበት አለ፤ ንጹሕ ውሃ ማጣት አለ፤ የመንግሥት ቸልታ አለ። ነገር ግን የቀነጨረ ልጅ የሚጀመረው ከእናቱ ማሕፀን ነው። እናት ሳትበላ ልጅ ከየት አምጥቶ ያድጋል?

የአምበር እናት እንዴት እንደምትበላ እኔ ለእናንተ ልንገራችሁ እንዴ? ከመሶቡ መጀመሪያ የሚቀርበው ለአባወራው ነው። እንግዳ ካለ ከእሱ ጋር ይቀመጣል። ቀጥሎ ልጆች። እሷ ቆማ ታስታጥባለች፣ ወጥ ትጨምራለች፣ ጠላ ትቀዳለች። «አንቺስ?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ መልሷ የታወቀ ነው። «እኔ እበላለሁ፣ ብሉ ብቻ!» ሁሉም ጠግቦ ሲነሣ ወጡ ከድስቱ ጥግ ተጠርጎ፣ እንጀራው ከፍርፋሪው ተለቅሞ የእሷ እራት ይሆናል። የዶሮ ብልት 12 ነው፤ ትልልቁ ለማን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ይህን ያደረገ ባል ክፉ ነው አላልኩም። ደግ ባልም፣ ሚስቱን የሚወድ ባልም ይህንኑ ያደርጋል። ክፋት ቢሆንማ በሽምግልና ይፈታ ነበር። ልማድ ስለሆነ ነው ማንም የማያየው።

ስለ ጾም እያወራሁ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ። ጾም ሌላ፣ ረሃብ ሌላ። ጾም በራስ ፈቃድ የሚያዝ ነው፣ ማብቂያውም ይታወቃል። መጨረሻ መብላት ግን ፋሲካ የለውም!

«ወፈርሽ» ሲባል ምስጋናው ለማነው?

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ አገራችን ውስጥ ሴት ስትወፍር ደስ ይለናል። «አምሮብሻል! ወፈር ብለሻል!» ምርቃት ነው። «ከሳሽ፣ ምነው?» ደግሞ እርግማን ባይሆንም ሐዘኔታ ነው። እዩትማ! የማናበላትን ሴት ወፍራ ካላየናት ደስ አይለንም።

ይህ ለምን ሆነ? የወፈረች ሚስት የምትመሰክረው ለራሷ ሳይሆን ለባሏ ነው። «ጎተራው ሙሉ ነው፣ በደንብ ይይዛታል» ይባላል። አካሏ የእሱ ሀብት ማሳያ ነው። ሴቲቱ ከማንም ቀድማ፣ ማንም ሳይታዘባት የምትበላበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ አራስ ቤት። ያን ጊዜ ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በማር ይቀርብላታል። ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን አርፋ ክርስትናው ሲደርስ ተነሥታ ወደ ምጣዷ! እንግዲህ አስቡት፤ ይህች ሴት በመጀመሪያው ገበታ ለመቀመጥ ልጅ መውለድ ነበረባት።

ዘመን ሲለወጥ ደግሞ መለኪያው ይገለበጣል። ኤድስ «አመንምን» ይባል በነበረበት ጊዜ የከሳች ሴት አበቃላት። በሌላ በሽታ ከስታም ቢሆን፣ በሐሳብ ከስታም ቢሆን ሰው ይሸሻታል፤ የሠራችው ምግብ አይቀመስም። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት እስኪጀምርና ከዚያም በኋላ ስንቷ ቀጭን ሴት በሐሜት እንደተቃጠለች ቤት ይቁጠረው። ከንቅሳቱም ብንነሣ ያው ነው። አያቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት ሲነቀሱ «ውበት ነው፣ ቻይው» ተብለው ተይዘው ነው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያንኑ ንቅሳት በሌዘር ለማስጠፋት ገንዘብ ይከፍላሉ። «ገጠሬ ትመስያለሽ» ተብለዋላ! ለመነቀስም ሕመም፣ ለማስጠፋትም ሕመም። ሁለቱንም ጊዜ የታመመችው ሴቲቱ ናት።

መለኪያ የሰው ሥራ ነው፣ ከሰማይ አልወረደም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቦዲዎች ዘንድ ለውበትና ለክብር ሲባል የሚወፍረው ወንድ ነው። ለበዓላቸው ለወራት ወተትና ደም እየጠጣ ይሰነብትና ማን እንደወፈረ ይታያል። ሞሪታንያ ውስጥ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ለጋብቻ እንድትደርስ ልጅቱን በግድ ወተትና እህል እየጋቱ ማወፈር የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ጋ ወንዱ ፈልጎ ይወፍራል፤ ሌላው ጋ ልጅቱ አልቅሳ ትጋታለች። ፓሪስ ደግሞ አልቅሳ ትቀጥናለች።

ከአምበር አዲስ አበባ

አሁን ልጅቱ አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ትገባለች። እዚህ ሌላ ዳኛ ይጠብቃታል። እዚህ ቆንጆ ማለት «ሸንቃጣ» ነው።

አንዲት የአምበር ልጅ ጓደኛ አለችኝ። በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። አንድ ሰሞን አለቃዋ ጠርቶ «ዩኒፎርሙ እየጠበበሽ ነው፣ ራስሽን ጠብቂ» አላት። በዚያው ሳምንት ፎቶግራፏን አምበር ላሉት እናቷ ላከች። እናት ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ፣ ምነው? አሞሻል እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ እማዬ።»

«ታዲያ ጉንጭሽ የት ሄደ? እዚያ የሚበላ የለም? ነይ ቤትሽ ግቢ!»

ያው አካል፣ ያው ሳምንት፣ ሁለት ፍርድ! ለአለቃዋ ወፍራም፣ ለእናቷ ከሲታ። ጓደኛዬ የሰማችው ግን ደመወዝ የሚከፍላትን ነው። ቁርስ ቡና ብቻ፣ ምሳ አይታሰብም፣ ማታ ሰላጣ። በመካከል «ማቅጠኛ ሻይ» የሚባል ነገር ገዛች። የእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው ናቸው። ከሰውነት የሚወጣው ውሃ ነው እንጂ ስብ አይደለም፤ ሚዛኑ ዝቅ ይላል፣ በማግስቱ ይመለሳል። በሁለተኛው ወር የሆቴሉ ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ የደም ማነስ ነው አላት። ደም ማነሱ እናቷም ጋ አይጠፋም ይሆናል፤ በ2008ቱ ጥናት ከመቶ ሴቶቻችን 24ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። እናትና ልጅ፣ አንዷ ሞልቶላት መብላት ያልተፈቀደላት፣ አንዷ መጨረሻ የምትበላ፣ በአንድ በሽታ ተገናኙ!

ረሃብ ደግሞ ሆድ ላይ ብቻ አይቆምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አሜሪካ ውስጥ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰባቸው። በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ያገኙ ነበር። ዛሬ ብዙ የማቅጠኛ መመሪያዎች ለሴት ከሚያዙት ይበልጣል! ምን ሆኑ? በረዳቸው፣ ደከሙ፣ ተነጫነጩ። ሌላ ነገር ማሰብ አቃታቸው፤ ቀን ከሌት ወሬያቸው ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የሚያነብ ነበር። ጎልማሳ ወንዶች ናቸው እኮ! እንግዲህ የ20 ዓመት ልጅ እየተራበች ተማሪ፣ ሥሪ፣ ፈገግ በይ ስትባል ምን ያህል ጉልበት እንደሚቀራት አስሉት። ዳይት ከሴት ልጅ የሚወስደው ኪሎ ብቻ አይደለም። ሐሳቧን ይወስዳል።

ጋዜጣና የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ደግሞ «መልከ መልካም፣ ቁመና ያላት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አንብባችኋል። ለሒሳብ ሠራተኛ ቁመና ምን ያደርግላታል? ደብተሩን በወገቧ አትይዘው! እኔም በዲፕሎማዬ ሥራ ፍለጋ ስዞር አንድ ድርጅት ውስጥ ወረቀቴን ሳያገላብጡ ከእግር እስከ ራሴ አይተው «እናሳውቅሻለን» ብለውኛል፤ እስከ ዛሬ እያሳወቁኝ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሠራተኞች መካከል አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የአካል ጉዳት ተዘርዝረዋል። ክብደትና መልክ ግን በስማቸው አልተጠሩም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35ም ሴቶችን የሚጎዳ ልማድ ሁሉ የተከለከለ ነው ይላል። ወረቀቱ እንዴት ያምራል! እሱም እንደ ሞዴሎቹ ነው፤ ለማየት ቆንጆ፣ ውስጡ ባዶ።

ሐኪምና ሐሜተኛ

አንድ ነገር ግን አልሸፍንም። ውፍረት የሚያመጣው በሽታ እውነት ነው። በዚያው ጥናት በከተማ ከሚኖሩ ሴቶች 21 ከመቶ ያህሉ ከልክ በላይ ክብደት ነበራቸው። ስኳርና ደም ግፊት ስንት እናት እንደወሰደብን አውቃለሁ። ሐኪም «ክብደትሽን ቀንሺ፣ ተራመጂ፣ ዘይትና ስኳር አሳንሺ» ካላት ትስማ። እኔ የምጣላው ከሐኪሙ ሚዛን ጋር አይደለም። የምጣላው ከጎረቤት ዓይን፣ ከአለቃ ዓይንና ከስልኩ መስታወት ጋር ነው። ሐኪሙ ደሟን ይመረምራል፤ ሐሜተኛው ቀሚሷን ይለካል። አሁንማ ለስኳር ሕመምተኞች የተሠራው ኦዜምፒክ የተባለ መርፌ ለማቅጠኛ ተፈልጎ በየአገሩ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ያጡት ጊዜ ነበር። የሰው ዓይን ከበሽታ በላይ ሲፈራ እንዲህ ነው!

ዕዳው የሚከፈለው የት ነው?

«ይሁን፣ ትንሽ ብትከሳ ምን ትሆናለች?» ለምትሉ መልሱ ባሕር ዳር ይገኛል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ከፍቷል። ዶክተሯ እ.ኤ.አ. በ2020 አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እዚያ የሚታከሙት ሴቶች ምጥ ለቀናት የጠናባቸው፣ ብዙዎቹም ልጃቸውን ያጡና ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ናቸው። የምጡ መጥናት አንዱ ምክንያት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በልጅነቷ በቅጡ ያልበላች ልጅ አጥንቷ አይደረጅም፤ ዳሌዋ ይጠብባል። በዚያ ላይ ያለ ዕድሜዋ ተድራ ስታረግዝ ልጁ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ በቅርብ ሐኪም ከሌለ አለቀ። የ8 ዓመቷ ልጅ ከገበታ ያጣችው ቁራሽ በ16 ዓመቷ ምጥ ላይ ይጠየቃል ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ ብዙ ጤና ጣቢያዎችንም አስተጓጉሏል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቱ ወዴት እንደምትሄድ የምትጠፉት የላችሁም። ወደ ምጣድ፣ ከዚያ ወደ ባል! ተኩስ የሚያዙት ወገኖች ሁሉ የድል ዜናቸውን ሲያወሩ የዚህችን ልጅ ስም አይጠሩም። እሷን የሚያስታውሳት ሰው ካለ እኛ ነን።

ምን ይደረግ?

ሕዝብ ሰብስቦ «ችግር አለ» ብሎ መቀመጥ አልወድም። አራት ነገር እጠይቃችኋለሁ፤ አንዱም የመንግሥት በጀት አይፈልግም።

አንደኛ፣ ወንዶች! ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ እሷ ሳትቀመጥ እንዳትቆርሱ። «ትቀርባለች» አትበሉ፤ ጠብቋት። ወጡ ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ማንም በቀዘቀዘ ወጥ አልሞተም።

ሁለተኛ፣ ሴቶች! ሰላምታችንን እንለውጥ። «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ»፣ «ምነው ሆድሽ?» መባባሉን እንተው። የጓደኛችንን ጤና የምንጠይቅበት ሌላ ቋንቋ አጣን እንዴ?

ሦስተኛ፣ እዚህ መካከል ድርጅት ያላችሁ ነጋዴዎች አላችሁ፤ በርቱልን። የሥራ ማስታወቂያችሁ ላይ «መልከ መልካም» የምትለዋን ቃል ሰርዙ። የምትፈልጉት ሙያ ከሆነ ሙያ ብላችሁ ጻፉ። አበው «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ያሉት ለእናንተም ነው።

አራተኛ፣ አምበር ስትደውሉ እናቶቻችሁን «ልጆቹን ምን አበላሻቸው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ «አንቺስ ምን በላሽ?» በሉ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል። «እኔ ምን አለብኝ» ይላሉ። ድጋሚ ጠይቁ። ገንዘብ ስትልኩም «ይህቺ የአንቺ የራስሽ ምግብ ናት፣ ለማንም እንዳታካፍይ» ብላችሁ ለይታችሁ ላኩ። ያካፍላሉ፤ አውቃለሁ። ቢሆንም የእሳቸው ሆድ እንደሚቆጠር ከልጃቸው አፍ መስማታቸው ራሱ አንድ ነገር ነው።

እንጀራውን የጋገረችው እጅ ከመሶቡ መጀመሪያ ስትቆርስ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ትወፍር፣ ትቅጠን፣ የራሷ ጉዳይ ነው!